የአንበሳው ጢም ስለረዘመ ሌላ ሳንቲም ይባላል?

ሒሳብ_ክፍል (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ታሪኳ ግን ትረዝማለች። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ፍራንኮ ሰፈር ተወልጄ እዚያው አደግሁ፤ የማረጀውም እዚያው ሳይሆን አይቀርም። የምሠራው አንድ ዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬ «ይሄ ወጪ የራሱ መደብ ይከፈትለት ወይስ ከሌላው ጋር ይጠቃለል?» ማለት ነው። አሁን ያው ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

የአባቴን ሙት ዓመት ካወጣን በኋላ ዕቃውን ስናስተካክል ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ የኒዶ ጣሳ አገኘን። ከባድ ነው። ጣሳው የአባቴ ነው፤ ከሥር ያለው ግን የአያቴ። አያቴ ለገሃር አጠገብ፣ ያ የድሮው ባቡር ገና በሚያፏጭበት ዘመን፣ ጨው፣ ስኳርና ክብሪት የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አባቴ ደግሞ በየዘመኑ እጁ የገባውን ሲጨምርበት ኖሯል። ከላይ የአሁኑ፣ ቀጥሎ የደርጉ፣ ከሥር የጃንሆይ። ጉድጓድ ሲቆፈር እንደሚታየው የአፈር ንብርብር።

ሁሉንም ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩት። ወንድሜ መጣ፣ አየ፣ ፈረደ። «አንድ ሳንቲም፣ አምስት፣ አስር፣ ስሙኒ፣ ሽልንግ። አምስት ዓይነት ነው። ምኑ ያስቸግራል?» አለኝ። ልጄ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዓመተ ምሕረት ለየችው። የግዕዝ ቁጥር ማንበብ የቻለችው በዚህ ሰበብ ነው፤ ጣሳው ለዚህ ብቻ እንኳ ጠቅሟል። እኔ ግን በሁለቱም አልረካሁም። ሰው ልኬ ሃያ አራት ኪስ ያላት አንዲት የአልበም ቅጠል ብቻ ነው ያስመጣሁት፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ኪስ ብዬ። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

አንደኛ። አሉሚኒየሙ የደርግ አንድ ሳንቲም። ፲፱፻፷፱ ይላል፤ በአንድ ፊት በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በሌላው የአንበሳ ራስ። ሦስት አሉኝ። በአባቴ የንባብ አጉሊ መነጽር ሳይ፣ በሁለቱ የአንበሳው የአገጭ ጢም እኩል ነው። በሦስተኛው ግን በግራ በኩል ሁለት ዘለላ ረዝመው ተንጠልጥለዋል። ፀጉር አስተካካይ የረሳቸው ነው የሚመስሉት። አንድ ኪስ ወይስ ሁለት?

ሁለተኛ። የ1936ቱ የጃንሆይ ስሙኒ። አንዱ ክብ ነው፤ ሌላው ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ይላል። ዓመተ ምሕረቱ፣ ምስሉ፣ አንበሳው አንድ ነው። እዚህ ላይ ወንድሜ እንኳ ዝም አለ።

ሦስተኛ። የ1936ቱ ሽልንግ፣ ነጩ፣ ብሩ። አሥራ አንድ ፍሬ። ለእኔ ዓይን አሥራ አንድ መንትያ ናቸው። አንድ ነጋዴ ግን አየና «እነዚህ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ብራቸው እኩል አይደለም። መናኛዎቹን ለይቼ ልግዛሽ» አለኝ። የቱ መናኛ እንደሆነ በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «በልምድ» አለ። ሽልንጎቼን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ።

አራተኛ። የ1969 እና የ1996 ሃያ አምስት ሳንቲም። ሁለቱም ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት አሉ። ልጄ የፍሪጅ ማግኔት ስታስጠጋ የ1996ቱ ዘሎ ተለጠፈ፤ የ1969ኙ ነቅነቅ አላለም።

አምስተኛ። ይቺን ነው መጨረሻ ያስቀመጥኳት። ከጣሳው ሥር በጨርቅ የተቋጠሩ አራት ክብ ስሙኒዎች ነበሩ። ለብቻቸው። አራቱም ፊታቸው ላይ በሚስማር ይሁን በቢላ ተጭረዋል። በፊደሎቹ ጥጋ ጥግ ደግሞ ነጭ ነገር አለ። ቆሻሻ መስሎኝ በሳሙና አጠብኩት፤ አልለቀቀም። አያቴ ለምን ለብቻቸው እንደቋጠራቸው የሚነግረኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ለእናንተ አንድ ሳንቲም «የራሱ ዓይነት ነው» የሚባለው ምኑ ሲለይ ነው? መልኩ? ዓመቱ? ብረቱ? ወይስ ሰብሳቢው ደስ እንዳለው?

*

ጢም_ቆጣሪ (አዳማ)

እህቴ፣ ስሜን እያየሽ ምን እንደምመልስ ታውቂያለሽ 😄 ሁለት ኪስ ስጪያቸው!

ወደ ቁም ነገሩ ስመጣ፣ ብዙ ሰብሳቢ የሚከተለው የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ አለ፤ ክራውስ የሚባለው። እሱ ቁጥር ሲሰጥ ሦስት ደረጃ አለው። ሳንቲሙ ለየት ካለ ሙሉ ቁጥር ይሰጠዋል። ምስሉ ላይ ትንሽ ነገር ከተለወጠ ነጥብ ይጨመርለታል። መልኩ ሳይለወጥ የተሠራበት ነገር ብቻ ከተለወጠ ደግሞ ፊደል ይቀጠልለታል። በዚህ መሠረት ክቡ ስሙኒሽ 35 ነው፤ አበባው 36። ሁለት ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ሁለት ኪስ፣ ያለ ክርክር። ሽልንጎቹ 37 እና 37ኤ ናቸው። ስለዚህ ነጋዴው ስለ ብሩ አልዋሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1944 የታተመው ከሺህ 800 እጅ ንጹሕ ብር ነው፤ በ1947 የታተመው 700። ዓመተ ምሕረቱ ግን ሁለቱም ላይ ያው 1936 ነው፤ አልቀየሩትም። «በልምድ አየሁት» ያለው ነው ውሸቱ። በዓይን የሚለይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንበሳሽ ደግሞ 43 ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት እየተባለ በጢሙ ተለይቶ ተመዝግቧል። የጢሙ ጉዳይ የእኔ እብደት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ግን ልንገርሽ። የዳግማዊ ምኒልክን ብር ታውቂያለሽ፣ ፓሪስ የታተመውን። በ1887ቱ ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ነው፤ በ1892ቱ የቀኙን። ካታሎጉ ለዚህ ሁለት ሙሉ ቁጥር ሰጠ፤ 5 እና 19። የምኒልክ አንበሳ እግር ቀየረና አዲስ ዓይነት ሆነ፤ የደርግ አንበሳ ጢም አሳደገና ነጥብ ብቻ ደረሰው። እግር ከጢም የሚበልጠው በምን ሕግ ነው? ብሩ ትልቅ ስለሆነ፣ ብር ስለሆነ፣ ውድ ስለሆነ ነው እላለሁ። አሉሚኒየም አንድ ሳንቲም ማን ጉዳዬ ይለዋል!

*

ዘውድ_ወይስ_ጎፈር (አዳማ)

እኔ ከሞጆ አዳማ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሳንቲም ሁለት ዓይነት ነው። ተሳፋሪ የሚቀበለውና «ይሄንን ቀይርልኝ» ብሎ የሚመልሰው።

*

ጋሽ_ሚዛን (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ነፍሱን ይማረው። አያትሽ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ ለምን እንዳልኩ ከታች ትረጃለሽ።

አርባ ዓመት አንጥረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዓይኔ ደክሞ ነው የተውኩት። ሽልንግ በእጄ አልፎ ስንት መስቀልና ስንት የጆሮ ጌጥ እንደሆነ እግዚአብሔር ይቁጠረው። አሁን ሰው ሲሰበስበው ሳይ እደነግጣለሁ፤ ይሉኝታም ይይዘኛል።

መጀመሪያ ሽልንጉን በምን እንደምትለዪው ልንገርሽ። ብር ከመዳብ ይከብዳል። ስለዚህ ብሩ የበዛበት ሽልንግ በእኩል ክብደት ትንሽ ቦታ ይይዛል። ኩባያ ውሃ ሚዛን ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ዜሮ አድርጊው። ሽልንጉን በቀጭን ክር አንጠልጥለሽ ውሃው ውስጥ አስጥሚው፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳይሽ ሽልንጉ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። ደረቁን ክብደት ለዚያ አካፍይው። 800ው ወደ 10.14 ይመጣል፤ 700ው ወደ 9.98። ቢያልቅም ቢሸረፍም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ሽልንግ ሰባት ግራም ብቻ መሆኑ ነው። የሁለቱ ልዩነት ውሃው ውስጥ 0.01 ግራም ያህል ብቻ ነው። የወርቅ ቤት ተራ ሚዛን አይበቃሽም፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት ዲጂት ወርዶ የሚያነብ ያስፈልግሻል። የአየር አረፋ ከተለጠፈበትም ያሳስትሻል፤ በላባ ጥረጊው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። «ይሄ ይለወጥ ብሎ የወሰነ ሰው አለ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብሩን ከ800 ወደ 700 ያወረደ ሰው አስቦ፣ ፈርሞ ነው ያወረደው። ባይታይም የራሱ ዓይነት ነው። የስሙኒውን ጠርዝ የቆረጠውም እንዲሁ። ክቡ ስሙኒ በመጠን ከሽልንግ ጋር ይቀራረብ ነበርና ሰው ይምታታበት ነበር፤ ለዚህ ነው በ1940ዎቹ አጋማሽ ጠርዙ የተለወጠው። ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ይለያል። ጢሙን ግን «ሁለት ዘለላ ይርዘም» ብሎ ያዘዘ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም። ማኅተሙን፣ ማለትም ሳንቲሙ የሚመታበትን ቅርጽ፣ የቀረጸው እጅ ነው የለያየው። እኔ እንኳ ሁለት አንድ ዓይነት መስቀል ሠርቼ አላውቅም።

ዓመተ ምሕረቱንም አትመኚው። ማርትሬዛን ተመልከች፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን የድሮ ብር። ሁሉም ላይ 1780 ነው የሚለው። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ቪየና አትማዋለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም አተመው። በዓመቱ ለንደን ቀጠለች፤ በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይ። ሁሉም 1780! አባቶቻችን ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። እነሱም በራሳቸው መንገድ ጢም ቆጣሪዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንተ ልጅ ደስ ይበልህ።

ስለ ተቋጠሩት አራት ስሙኒዎች ደግሞ እጠረጥራለሁ፤ ግን መጀመሪያ መዝኛቸው።

*

ሒሳብ_ክፍል (አዳማ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋብሪካችን የዱቄት እርጥበት የሚለካበት ላቦራቶሪ አለው፤ ሚዛኑ ከሦስት ዲጂትም በላይ ያነባል። የላቦራቶሪዋን ልጅ ለመንኳት። በምሳ ሰዓት በር ዘግተን ሽልንግ ስንነክር ዋልን። ላባ አጥተን በመኳኳያ ብሩሽ ነው አረፋውን የጠረግነው። አንድ ሠራተኛ ገብቶ አየንና «ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ ወጣ።

ስምንቱ 10.1 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሰጡን። ሦስቱ 9.97፣ 9.98፣ 9.99። እንዴት እንደተደሰትኩ! ሒሳብ ሲዘጋ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ነው። ልዩነቱ አለ፤ ግን ሳስቀምጣቸው ካልጻፍኩባቸው ነገ እኔው ራሴ መልሼ አላውቃቸውም። ጋሼ እንዳሉት የራሳቸው ዓይነት ይሁኑ ብልም፣ ዓይኔ ያላየውን ነገር ኪስ መስጠት ከበደኝ።

አራቱ ስሙኒዎች ደግሞ ሁሉም ከ9 በታች ናቸው። እንደ ማንኛውም የመዳብ ስሙኒ።

*

ጋሽ_ሚዛን (ሐዋሳ)

እንደ ጠረጠርኩት ነው። ነጩ ነገር ቅብ ነው፤ ቅብ ደግሞ የሚታይ ክብደት አይጨምርም። ስሙኒን ነጭ ቀብቶ ሽልንግ ነው ብሎ ማለፍ በልጅነቴ የሚወራ ነገር ነበር። አያትሽ ሱቅ ውስጥ አራት ጊዜ ተታለዋል። ወይም ሦስት ጊዜ ተታለው በአራተኛው ጭረው አይተዋል። ጭረቱ የእሳቸው ነው። ቅቡን ሲፍቁ ቀዩ ብቅ አለ። ሊጥሉትም አልሆነላቸውም፣ ለሌላ ሰው ሊሰጡትም አላስቻላቸውም፤ ቋጥረው አስቀመጡት።

*

ቅዳሜ_ገበያ (ሐዋሳ)

ጋሽ ሚዛን ያሉትን አንድ ደረጃ ልግፋው። እኔ የአክሱም ሳንቲሞች ናቸው የሚስቡኝ፤ የራሴ አንድም የለኝም፤ ሙዚየምና ፎቶ ላይ ነው የማያቸው።

በአክሱም ዘመን ማኅተሙ አንድ በአንድ በእጅ ይቀረጽ ነበር። ስለዚህ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ምስል፣ ግን የንጉሡ አፍንጫ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። እዚያ ጢም የቆጠረ ሰው አእምሮውን ይስታል፤ እያንዳንዱ ማኅተም አንድ «ዓይነት» ሊሆን ነው። እዚያ መልክ አያስኬድም፤ ትርጉም ነው የሚታየው። የኢዛና ሳንቲሞች ላይ መጀመሪያ ከላይ ጨረቃና ክብ ነበር፤ የቀደመው ሃይማኖት ምልክት። በኋላ በዚያው ቦታ መስቀል መጣ። ንጉሡ ያው ኢዛና ነው። ያቺ ትንሽ ምልክት ግን ሃይማኖት የተለወጠባት ናት። ከጢም ዘለላ ብዙም አትበልጥ ይሆናል፣ በመጠን።

ስለ ቅብም አንድ ነገር አለኝ። አክሱሞች አንዳንዱን የመዳብና የብር ሳንቲም ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡበት ነበር። ቀቢው ራሱ ሳንቲሙን የሠራው ማምረቻ ነው። ስለዚህ ወርቁ የሳንቲሙ አካል ነው፤ ወርቁ የለቀቀውን ደግሞ «ጎደሎ» ነው የምንለው። የአያትሽን ስሙኒዎች የቀባው ግን አጭበርባሪ ነው። ሥራው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ለየት የሚያደርገው የቀቢው ማንነት ነው። በጋሽ ሚዛን ሕግ አራቱ ስሙኒዎች ከቁጥር 35 አይወጡም። የተጎዱ 35 ናቸው፣ ያውም የተጫሩ። ነጋዴ ቢያያቸው አምስት ብር አይሰጥሽም።

*

ጢም_ቆጣሪ (አዳማ)

ቆይ ቆይ። አንድ ነገር ዘለላችሁ። በጋሽ ሚዛን ሕግ «የወሰነ ሰው አለ ወይ» ነው ጥያቄው። አጭበርባሪውም ወስኗል እኮ 😂

*

ጋሽ_ሚዛን (ሐዋሳ)

ልጅ፣ አጭበርባሪ ፊርማ የለውም።

*

ሒሳብ_ክፍል (አዳማ)

ይቅርታ፣ የወር መዝጊያ ሆኖብኝ ጠፋሁ። እናንተ ስትከራከሩ እኔ አልበሟን ጨረስኩ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ የማትስማሙበት እንደሚኖር አውቃለሁ።

ስሙኒው ሁለት ኪስ፣ ክቡና አበባው። ማግኔት የሚይዘው ሃያ አምስት ሳንቲም የራሱ ኪስ አገኘ፤ ብረቱን አንድ ሰው አስቦ ነው የለወጠው፣ ያውም እዚያ ላይ ልጄም ፈርማለች። ጢሞቹ አንድ ኪስ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ገቡ። ጢም_ቆጣሪ አትቀየመኝ፤ ረዥም ጢሙ ከፊት ነው ያለው። ሽልንጉን ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ሁለት ኪስ ሰጠሁት፤ ከአንደኛው ሥር በትንሽ ወረቀት «10.1»፣ ከሌላኛው ሥር «9.98» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ ባያምንም ሚዛኑ ያምናል። የተረፉት ሰባትና ሁለት ወደ ጣሳው ተመለሱ፤ በሁለት ቋጠሮ፣ እንደ አያቴ።

አራቱ ስሙኒዎች። በካታሎግ የራሳቸው ቁጥር እንደሌላቸው ገብቶኛል። ቅዳሜ_ገበያ ትክክል ነህ፤ የተጎዱ 35 ናቸው። ግን አበባው ስሙኒ የመጣው ሰው ስለተምታታበት ከሆነ፣ በእንዲህ ዓይነቱ መምታታት ለገሃር አጠገብ ከነበረች ጠባብ ሱቅ የተሸወደው ሰው አያቴ ነው። ስለዚህ ከክቡና ከአበባው መሀል አንድ ኪስ ከፈትኩላቸው። የተጫረው ፊት ወደ ላይ ነው። በሒሳብ ክፍል ቋንቋ «ልዩ ልዩ» የሚባል መደብ አለ፤ ኦዲተር የማይወደው፣ ግን ሁሉም ድርጅት ያለው።

ወንድሜ አሁንም አምስት ዓይነት ነው ይላል። ትናንት ማታ ግን ከሱቅ የተመለሰለትን የአንድ ብር ሳንቲም በልጄ ማግኔት ሲሞክር ያዝኩት። ሳየው ያየሁት አልመሰለውም።